ጋራዣችንን ጎማ ስናለብሰው

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሦስት ወንድምና እህት ሆነን ነው። ከሦስታችን የትኛው ኮምፒውተሩ ላይ እንደተቀመጠ ባንናገር ይሻላል፤ አንዱ የጻፈውን ሁለቱ ከኋላው ቆመው እያስጠፉት ነው እዚህ የደረስነው። ወሬያችን ስለ ወለል ነው። ከፍ ከፍ ያለ ጉዳይ የለመዳችሁ አንባቢዎቻችን ዛሬ ለጥቂት ደቂቃ ጎንበስ ብላችሁ እንድታነቡን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ጋራዥ። በእኛ አገር አማርኛ «መኪናዬ ጋራዥ ገባች» የሚል ሰው አዝኖ ነው የሚናገረው፤ መካኒክ ዘንድ ገባች፣ ገንዘብ ልታስወጣኝ ነው ማለቱ ነው። የእኛ ጋራዥ ሌላው ዓይነት ነው፣ ግቢ ውስጥ መኪና የሚያድርበት። ኮልፌ ያለው ቤታችን በደርግ ጊዜ በማኅበር የተሠራ ነው። ከግቢው በር በስተግራ 5 ሜትር ከ40 ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት ያለው፣ ሦስት ጎኑ ብሎኬት፣ ጣራውና በሩ ቆርቆሮ የሆነ ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ የአባባ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታድር ነበር። እኛ ሦስታችን በአንድ ክፍል ተፋፍገን ስናድግ ላዳዋ የራሷ ክፍል ነበራት። ቅር ብሎን አያውቅም፤ ደብተርና ዩኒፎርሙን የምታመጣው እሷ ነበረቻ።

በጥር 2015 ዓ.ም. አባባን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ ንግግራቸውም ተያዘ። ሐኪሙ ሲያስረዳን «የምትሉትን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋልም፤ የሚቸግራቸው ቃሉን ፈልጎ ማውጣቱ ነው» አለን። ለሾፌር ቀኝ እግር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ነዳጁንም ፍሬኑንም የሚረግጠው እሱ ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያ እግር አብልተውናል።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ድረስ እየመጣች ታሠራቸው ጀመር። ትእዛዟ አጭር ነው፤ መራመድ፣ በየቀኑ፣ ደጋግሞ። ጥያቄው «የት?» የሚለው ሆነ። ሳሎኑ ሴራሚክ ነው፤ በዚያ ላይ ሶፋውና ቡፌው ተካፍለውት የቀረው መተላለፊያ ለድመት ካልሆነ ከዘራ ለያዘ ሰው አይበቃም። ግቢው ድንጋይ የተነጠፈበት ቁልቁለት ነው። ከደጅ ደግሞ ኮብልስቶን። ፊዚዮቴራፒስቷ በመስኮት አሻግራ አየችና «ያኛውስ ክፍል?» አለች። ሦስታችንም ዝም አልን። ላዳዋ እዚያ ውስጥ ነበረች።

በግንቦት ተሸጠች። ይህን ቶሎ እናልፈዋለን ብለን ነበር፣ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ ግን አልሆነልንም። ገዢው ቁልፍ ሊቀበል ሲመጣ አባባ በረንዳ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ቁልፉን ይዘው «ሁ… ሁለ…» እያሉ ግራ እጃቸውን ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሳሉ። እማዬ «በቃ ስጠው እንጂ፣ ሰውየው ሥራ አለው» ትላለች። ሰውየው ግን አልቸኮለም፤ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። አሥር ደቂቃ ያህል ፈጅቶ የወጣው ነገር ይህ ነበር፦ ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ርገጥ፣ አለዚያ ትጮኻለች። «ገባኝ አባቴ፣ ሁለቴ እረግጣለሁ» አለ። ያኔ ቁልፉን ሰጡት። ያ ሰው በአሥር ደቂቃ ያደረገውን ነገር እኛ ልጆቻቸው ለመልመድ አምስት ወር ፈጅቶብናል።

ላዳዋ ስትወጣ ወለሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አየነው። ሊሾ ነው። ከመሃል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሞተር ዘይት ለዓመታት እየተንጠባጠበ የሠራው፣ የእንጀራ ምጣድ የሚያክል ጥቁር ክብ አለ። ሊሾ ደረቅ ሲሆን ደግ ነው፤ ውሃ ሲነካው ግን ያንሸራትታል፣ ዘይት ሲጨመርበትማ አይነገርም። ቀኝ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው እዚያ ላይ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ሲሚንቶ ላይ ነው።

ምንጣፍ እናንጥፍ አልን፤ ይታጠፍና ይጠልፋል ተባልን። ትንሿ እህታችን ለሕፃናት የሚነጠፈውን፣ እንደ እንቆቅልሽ ጨዋታ እርስ በርሱ የሚገጣጠመውን ባለቀለም ስፖንጅ ሐሳብ አቀረበች። ርካሽ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ቢወድቁም አይጎዳቸውም። ፊዚዮቴራፒስቷ ራሷን ነቀነቀች። ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚቸገር ሰው በጣም ለስላሳ ነገር ላይ ሲቆም እግሩ ይሰምጥና መሬቱ የት እንዳለ ይጠፋዋል፤ ይብስ ይንገዳገዳል። የሚያስፈልገው ጠንካራ ሆኖ ሲወድቁበት ግን ትንሽ የሚራራ ነገር ነው። ጎማ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስታችን ልጅ ወደ ታሪኩ ይገባል። እዚያ ያለውን ቤቱን ያየ እንደሚያውቀው መኪናው ውጭ በረዶ ላይ ያድራል፣ ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ሰውየው ብረት ያነሳል። ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጥቁር ጎማ አልብሶታል። በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልን። «ባለሙያ አልጠራሁም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀብኝ» አለ። ይቺን «አንድ ከሰዓት በኋላ» ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

የዚህ ዓይነቱ ወለል በአብዛኛው የሚሠራው ካረጀ የመኪና ጎማ ነው። ጎማ እንደ ፕላስቲክ ቀልጦ እንደገና አይቀረጽም። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ማጋል እንደሚያጠነክረው ካወቀ ወዲህ፣ በዚህ መንገድ የበሰለ ጎማ በሙቀት አይቀልጥም፣ በብርድም አይሰነጠቅም፤ በዚያው ልክ ወደ ጥሬነቱ የሚመለስበት መንገድ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ጎማ ፈጭተው ፍርፋሪውን በማጣበቂያ አዋህደው ይጨምቁትና ወለል ያደርጉታል። በረባሶ ያየ አገር ለዚህ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ በረባሶ ለእግር መሆኑና ይሄኛው ለክፍሉ መሆኑ ነው።

አዲሱን ስንጠይቅ ዋጋው የታላቅ እህታችንን የሁለት ወር ደሞዝ የሚያስከነዳ ሆነ። በኋላ አንድ የተዘጋ ጂም ዕቃውን እንደሚሸጥ መሃለኛው ወንድማችን ሰማ። ስፋቱ 1 ሜትር ከ20፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁር ሆኖ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ጥቅል ነበር። ታላቅ እህታችን ሰማያዊውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ለላዳዋ መታሰቢያ ነው ትላለች። የነበረው እሱ ብቻ ነበር። ሦስት ረጃጅም ቁራጭ አስቆርጠን ገዛን። ጎማ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ የአንድ ካሬ ሜትር የ8 ሚሊ ጎማ 8 ኪሎ ያህል ነው፣ የእኛ አንዱ ጥቅል ብቻውን 50 ኪሎ ያልፍ ነበር። ያመጣልን የዳማስ ሾፌር «ዕቃ ነው ብላችሁ ነበር፣ ይሄ ሬሳ ነው» ብሎ ተጨማሪ ጠየቀን። ሰጠነው። እውነቱን ነው።

ጊዜው ሐምሌ ነበር። አሁን ስናስበው ሐምሌ መሆኑ ብቻውን ሊያስቆመን ይገባ ነበር።

መጀመሪያ ዘይቱን ማስለቀቅ። ጎማ ከዘይትና ከነዳጅ ጋር አይስማማም፤ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ማጣበቂያም ዘይት ላይ አይዝም። ሰጋቱራ በትነን አሳደርን፣ ጠዋት ጠርገን በፈላ ውሃና በኦሞ በጠንካራ ብሩሽ ፈተግነው። አባባ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ሆነው ያዩናል። በሦስተኛው ዙር «አይ… ለቅም» አሉ፣ ጥርት አድርገው። ደስ አለን፤ ቃል ስለወጣ ነው ደስ ያለን፣ ምክሩን አልሰማነውም። ሌላ ሁለት ዙር ፈተግን። አልለቀቀም። ጥቁሩ ፈዘዘ እንጂ ክቡ እዚያው አለ። ቢሆንም ውሃ ስናንጠባጥብበት እንደ በፊቱ እንክብል ሠርቶ አይንከባለልም፤ ወደ ሲሚንቶው ይሰርጋል። ይህ ማለት ላዩ ላይ ያለው ዘይት ተነስቷል ማለት ነው። ጥላው ብቻ ቀረ።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። የአክስታችን ልጅ «ዳሩን ብቻ በሁለት ፊት በሚይዝ ፕላስተር ያዙት፣ ክብደቱ ራሱ ይበቃዋል» ብሎናል። እኛ ግን ከእሱ የበለጠ አሰብን። አባባ እግራቸውን ይጎትታሉ፤ ጎማው ትንሽ ቢንሸራተት ይጥላቸዋል፤ ስለዚህ ሙሉውን እናጣብቀው። ከመርካቶ ማስቲሽ በትልቁ ጣሳ ገዛን። ጫማ ሰፊ ሁሉ የሚጠቀምበት፣ ይዞ የማይለቅ ማስቲሽ።

ማስቲሹን ስንቀባ አባባ «ውሃ» አሉ። ትንሿ ሮጣ በብርጭቆ አመጣች። ጠጡ። ትንሽ ቆይተው «ውሃ… ውሃ» አሉ፣ ከዘራቸውን ወደ መሬት እያወረዱ። ሁለተኛ ብርጭቆ መጣ። ያንንም ጠጡ። በሦስተኛው ታላቅ እህታችን ደነገጠች፤ «ይሄ ሁሉ ጥማት ስኳር እንዳይሆን» ብላ በማግስቱ ልታስመረምራቸው ወሰነች (አስመረመረችም፤ ስኳር የለባቸውም)። ሦስተኛውን ብርጭቆ አባባ ተቀብለው ትንሽ አዩት፣ አዩን፣ ከዚያ ጠጥተው ዝም አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም፣ እስከ ቆረጣው ድረስ።

የክፍሉ ስፋት 3 ሜትር ስለሆነ ሁለት ጥቅል ሙሉውን ይገባል፣ ሦስተኛው በቁመቱ ለሁለት መሰንጠቅ አለበት። መሃለኛው ቀጥ ያለ አልሙኒየም አስደግፎ ካተሩን ተጫነ። ካተሩ ሃያ ሳንቲ ሜትር ሄዶ ተነክሶ ቆመ። ሲጎትተው ተሰበረ። ሌላ ምላጭ አስገባ፣ ያም እንዲሁ። የተቆረጠው ጠርዝ አይጥ የበላው ይመስላል። አባባ «ሳ… ሳሙና» አሉ። ትንሿ ሳሙና፣ ሳፋና ፎጣ ይዛ መጣች፣ እጃቸውን ልታስታጥብ። በግራ እጃቸው ሳፋውን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ካተሩን ጠቆሙ፣ ሳፋውን ጠቆሙ። ገና ያኔ አስታወስን። አባባ ጎሚስታ ጋ ስንት ሺህ ጊዜ ቆመው አይተዋል፣ ስንት ጊዜስ ራሳቸው ጎማ ፈትተው ገጥመዋል! ጎማን የሚያንሸራትተው የሳሙና ውሃ ነው።

ምላጩን የሳሙና ውሃ እየነከርን ቆረጥን። የቢላው ኃይል ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው ዋናው፤ መጀመሪያ ቀለል አድርጎ መስመር ማስያዝ፣ ከዚያ በዚያው መስመር አራት አምስት ጊዜ መመላለስ፣ ጎማውን ከሥሩ በእንጨት ከፍ አድርጎ የተቆረጠው አፉን እንዲከፍት ማድረግ። እንደ ቅቤ ሄደ። አባባ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እኛም ሳቅን። ስለ ውሃው ማንም አላሰበም።

ማታ ላይ አለቀ። ፎቶ አንስተን ቨርጂኒያ ላክን። «ጎበዞች!» አለ። ሽታው እስኪወጣ ሁለት ሦስት ቀን በሩን ከፍተን አናፈስነው፤ የጎማው ሳይሆን የማስቲሹ ሽታ ነበር ራስ የሚያዞረው።

ሳምንት ሳይሞላ በበሩ በኩል አንዱ ጠርዝ ብድግ አለ። የጋዝ ሲሊንደር አስቀመጥንበት። በማግስቱ መሃሉ ላይ፣ ሁለቱ ቁራጮች በሚገናኙበት፣ ሌላ ጠርዝ ተነሳ። ጣት የማይሞላ ከፍታ ነው። ተጨማሪ ማስቲሽ ከሥሩ አስገብተን ቆመንበት። በነሐሴ አንድ ጠዋት አባባ ከበሩ ወደ ውስጥ ሲራመዱ የቀኝ ጫማቸው አፍንጫ ያንን ጠርዝ ያዘ። ታላቅ እህታችን አጠገባቸው ነበረች፣ እጇ ግን አልደረሰም። በጎናቸው ወደቁ።

የወደቁበትን ድምፅ እስካሁን እንሰማዋለን። ድብ ያለ፣ ደብዛዛ ድምፅ ነው፤ የሲሚንቶ ድምፅ አይደለም። ክርናቸው ትንሽ ከመላጡ ሌላ ምንም አልሆኑም። እማዬ ከኩሽና ሮጣ መጥታ መጀመሪያ «ተመስገን፣ ሲሚንቶው ላይ ቢሆን ኖሮ» አለች፤ አባባን አንስተን ወንበር ላይ ካስቀመጥናቸው በኋላ ደግሞ ወደ እኛ ዞራ «ይሄ ጎማችሁ ባይኖር መች ይወድቅ ነበር!» አለች። ሁለቱም እውነት ነበር፤ ምን እንመልሳለን።

ከሰዓት በኋላ ጎማውን ልንነቅለው ገባን። ይዞ አይለቅም የተባለው ማስቲሽ እንደ ሽሮ ልጣጭ ተልጦ መጣ። ከሥሩ ሲሚንቶው ጠቁሯል። ርጥብ ነው። እጃችንን ስናሳርፍበት ይቀዘቅዛል፣ ያረጀ ምድር ቤት ሽታ አለው። ውሃ ከጣራ አልገባም፣ በበሩ በኩልም አልገባም። ከሥር ነው የመጣው።

መሃለኛው ተንበርክኮ እንዳለ «ውሃ» አለ። ዝም ብሎ ነው ያለው፣ ያየውን ነው የተናገረው። ከዚያ ሦስታችንም ቀና ብለን ተያየን።

አባባ በክረምት ላዳዋ ሥር ሲገቡ መሬት ላይ ካርቶን ያነጥፉ ነበር። ሠርተው ሲጨርሱ ካርቶኑን አውጥተን የምንጥለው እኛ ነን፣ ልጆች ሆነን። ካርቶኑ ሁልጊዜ በታች በኩል ርጥብ ነበር። ስንት ክረምት በጀርባቸው ተኝተውበታል! ከዚህ ቤት ውስጥ ያ ወለል በክረምት እንደሚያልብ ከሥጋቸው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ይህንኑ ሊነግሩን ቃሉን ፈልገው አወጡ። እኛ ሦስት ብርጭቆ ውሃ አጠጣናቸው።

ታላቅ እህታችን ወጥታ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ ያን ቀን ውሃ ያሉት ይሄን ነው?» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ ያለበት አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንክሪት ለዓይን ደረቅ ቢመስልም ድንጋይ አይደለም፣ ቀዳዳ አለው፤ መሬት ውስጥ ያለውን እርጥበት እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ይስባል። ወለሉ ክፍት ሲሆን እርጥበቱ ወደ አየር ይወጣል፣ ማንም አያየውም። ጎማ ስታለብሰው ግን መውጫ ያጣና እዚያው ይጠራቀማል፣ ማጣበቂያውን ያስለቅቃል። የአክስታችን ልጅ ቤት ሲሠራ ከኮንክሪቱ በታች ፕላስቲክ ተነጥፎለታል። የእኛ ቤት ሲሠራ ሲሚንቶ መገኘቱም ትልቅ ነገር ነበር። የቨርጂኒያና የኮልፌ ኮንክሪት የአንድ እናት ልጆች አይደሉም፤ «አንድ ከሰዓት በኋላ»ም ለዚህ ነው ለእኛ አራት ወር የሆነችው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ስትመጣ ሌላ ያላሰብነውን ነገረችን። ጠርዙ ባይነሳም ችግር ነበር። እኛ ጠላታችን መንሸራተት ብቻ መስሎን ነበር፤ እግሩን ለሚጎትት ሰው ከልክ በላይ የሚይዝ ወለልም ይጥላል። የጎማ ሶል ጎማ ወለል ላይ ሲሳብ ይነክሳል፣ ሰውነት ወደፊት ሲሄድ እግር ወደኋላ ይቀራል። መፍትሔው ወለሉን መቀየር አልነበረም። ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ የቀኝ ጫማቸውን ሶል አፍንጫ ላይ ልሙጥ ቆዳ ሰፋበት። ተረከዙ ጎማ፣ አፍንጫው ቆዳ። የተረፈውን ማስቲሻችንን ለሱ ሰጠነው፤ የሚገባውን ሰው አገኘ።

በመስከረም ሁለተኛው ሙከራ ተጀመረ፤ ያለ ጎማ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፈን አራቱንም ጎኑን በፕላስተር አሽገን አሳደርነው። ራሳችሁ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ይቺን ብቻ ብትይዙ ይበቃል፤ ከፕላስቲክ ሌላ ወጪ የላትም። ጠዋት ስንገልጠው ከሥሩ ጤዛ አለ። አባባ ከዘራቸውን አንስተው አንድ ጣት አሳዩን። አንድ ሳምንት? ራሳቸውን ወዘወዙ። «አንድ ወር?» ነቀነቁ። አሁን እንጠይቃለን፤ ቃሉ ካልመጣ እኛ እየዘረዘርን እሳቸው ይመርጣሉ። እስከ ሰባት ስምንት ግምት የምንሄድበት ቀን አለ። በጥቅምት አጋማሽ ደግመን ስንሞክረው ፕላስቲኩ ደርቆ፣ ሲሚንቶው ነጥቶ ተገኘ።

ያለ ማስቲሽ ነው ያነጠፍነው። ጥቅሉን ዘርግተን አንድ ቀን ሙሉ ተዘርግቶ እንዲውል ተውነው፣ ተጠቅልሎ የኖረ ጎማ መጠቅለሉን እስኪረሳ። ከግድግዳው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አራቅነው፤ ሙቀት ሲመጣ ስለሚሰፋ ግድግዳውን ከገፋ መሃሉ ያብጣል። ቁራጮቹ የሚገናኙበትን መስመርና የበሩን ጠርዝ ብቻ በሁለት ፊት ፕላስተር ያዝን። በበሩ በኩል ቀጭን የአልሙኒየም ጠርዝ በብሎን አሰርን፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ የዝናቡ ውሃ እንዲያልፍ ትንሽ ቦይ ቆፈርን። ክረምት ሲገባ ፕላስተሩን ፈተን ዳር ዳሩን ገለጥ እያደረግን እናናፍሰዋለን። ሥራ ነው። ልብስ እንደማስጣት ተለምዷል።

ጥቁሩ ክብ ከሥር አለ። አባባ የት እንዳለ ያውቃሉ። ከበሩ ገብተው ሲራመዱ እዚያ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ግድግዳ። ሲመለሱ ዝም ብለው አይዞሩም፤ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ ደግሞ ወደፊት፣ ጠባብ ቦታ ላይ መኪና እንደሚያዞር ሰው ነው የሚዞሩት። ፊዚዮቴራፒስቷ መጀመሪያ ልታርማቸው ፈልጋ ነበር፣ ኋላ ተወችው፤ እንደዚያ ሲዞሩ አይንገዳገዱም። መጀመሪያ ላይ በቀን አራት ምልልስ ነበር። ዛሬ ጠዋት ትንሿ ሠላሳ ሁለት ቆጥራለች፤ እማዬ ደግሞ ሠላሳ ነው ትላለች።

ከሦስተኛው ጥቅል የተረፈችው 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቁራጭ ኩሽና ገብታለች፣ እማዬ ቆማ እንጀራ የምትጋግርበት ጋ። «ይሄን መጀመሪያ ብታደርጉልኝ ኖሮ ጉልበቴ ይሄን ያህል ባላመመኝ» አለች። እሷን ደግሞ ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አባባ ከምልልሳቸው መሃል ቆመው «ዘይት» አሉ። ሦስታችንም ተሰበሰብን። የምግብ ዘይት አልቋል? አይደለም። ወለሉ ላይ ዘይት ፈሷል? አይደለም። መሃለኛው የበሩ ማጠፊያ ሲጮኽ ሰምቶ ዘይት አመጣና ቀባው፤ አባባ በትዕግሥት አይተው «አይደለም» አሉ። ትንሿ «ጥቁሩ ክብ?» አለች። ትንሽ አሰቡ፣ ከዚያ በግራ እጃቸው እንዲህም እንዲያም አደረጉ። ታላቅ እህታችን «ላዳዋ ዘይቷ ተቀይሮላት ይሆን ብለው ነው?» ስትል ሳቁ፤ አዎም አይደለምም አላሉም። የገዢው ስልክ ቁጥር አሁንም አለን። ልንደውልለት ነው።